ቁልቁለት በፎሌ

የልጄ መኪና ማርሽ ስትቀይር እንደ እኔ ጉልበት ማመንታት ጀመረች። ነዳጅ ይረገጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ባለችበት ትቆይና ድንገት ከኋላዋ እንደተገፋ ሰው ወደፊት ትዘላለች። እኔ መንዳት አልችልም። ግን ዕድሜዬን ከሹፌር ጋር የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ መኪና ሲታመም በወገቤ አውቃለሁ። ለባለቤቴ ነገርኩት። «አውቶማቲክ ነዋ፣ ጠባዩ ነው» አለኝ። ለልጄ ነገርኩት። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ!» አለኝ። ተውኩት። በዚህ ዕድሜ አንድን ነገር ሦስተኛ ጊዜ መናገር እንጨት እንደ መሸከም ነው።

መኪናዋ ያገለገለች ሚኒቫን ናት፤ ልጄ በደላላ ነው የገዛት። እኛ የአዲስ አበባ ኪራይ አባርሮን ሰበታ የገባን ሰዎች ነን። እንደ እኛው ሰበታ እየኖሩ ከተማ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ መኪናዋ ጠዋት እነሱን ጭና ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። ይህን ሥራ ሰርቪስ ይሉታል። ዘይት መቀየሩን፣ መፈተሹንም ሰርቪስ ይሉታል። «ሰርቪስ ትሠራለች፣ ሰርቪስ ግን የላትም» ብዬው ነበር ለልጄ። እውነቴን ነው። የሞተሩን ዘይት በየጊዜው ያስቀይራል፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ የካምቢዮው ግን ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ነው። ማንም ከፍቶ አይቶት አያውቅም።

ሁለት ሰዎች ይነዷታል። በሥራ ቀን ቅጥር ሹፌሩ፣ ቅዳሜ ደግሞ ባለቤቴ። ሹፌሩ የተጂ ሰው ነው፤ ሚስትና ሕፃን ልጅ አለው። ሲቀጠር አጎቱ ዋስ ሆኖለታል። እኔን «አኮ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ከገዛ የልጅ ልጆቼ ይልቅ እሱ አሳምሮ ይጠራኛል። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የተሳቢ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ያለች እህቱን ልንጠይቅ እንሄዳለን፤ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ስንሄድ አወራለሁ። ስንመለስ ግን፣ ሱሉልታን ለቀን ተራራውን ወደ ከተማ መውረድ ስንጀምር፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ዓርብ ማታ መኪናዋ ሠራተኞቹን እንደጫነች አየር ጤና ዳገት ላይ እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሌላ ታክሲ ያዙ። ልጄ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ካለ አንድ መካኒክ ጋ ልንወስዳት ተነሳን፤ ስትቀዘቅዝ ትሄዳለች፣ ስትሞቅ ነው የምታምፀው። ሹፌሩ ያዘ፣ ልጄ ጎኑ ተቀመጠ፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላ። ከዚያው በአስኮ አድርገን ወደ ሱሉልታ እንዘልቃለን ብለን ነው።

«አንቺ ጋራዥ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ ባለቤቴ።

«በሽተኛ ሲመረመር ዘመድ አይጠፋም» አልኩት።

መካኒኩ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ሁሉም «አቶ» እንደ ማለት «ኦቦ» ይለዋል። ከሹፌራችን ጋር «አካም ቡልተን»፣ እንደምን አደሩ ተባብለው በኦሮምኛ ትንሽ አወሩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ሞተሩ ሞቋል? ጥሩ። አታጥፉት» አለ። ግቢው ስለሚያዘቀዝቅ መኪናዋን አስወጥቶ ሜዳው ላይ አስቆማት። ሹፌሩን ፍሬን አስረግጦ የማርሹን ዘንግ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱ ቦታ ላይ ለአፍታ እያስቆመ አስወረደው፣ ደግሞ አስመለሰው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረጋት፣ መልሶ ከተታት፣ እንደገና መዘዛት። አየና ወደ ልጄ ሳይሆን ወደ እኔ አፍንጫ አቀረባት።

«ያሽትቱ እስቲ እናቴ።»

ያረረ ወጥ ነው የሸተተኝ። ምድጃ ላይ የተረሳ፣ ውሃ ቢጨመርበት እንኳ የማይድን።

«አዲሱ ሲሆን እንደ ቀይ ሥር ውሃ ነው» አለ። የኛው እንደ ጠላ አተላ ጠቁሯል። ከሥር ገብቶ ፈታት፣ ዘይቱን በተቆረጠ ጀሪካን ተቀበለው። ከታች ካለው ክዳን ላይ አንዲት ማግኔት አለች፤ በእሷ ላይ የተለጠፈውን በጣቱ ጠርጎ አሳየን። እንደ ኩል የደቀቀ ብረት ነው። ፊልትሮውን ቀየረ። የወጣውን ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ እየለካ፣ ልክ ያንኑ ያህል አዲስ አስገባ። ደስ አለኝ። የወጣውን ያህል የሚመልስ ሰው ከማየት በቀር ዕድሜዬ ሌላ ደስታ ብዙም አላተረፈልኝም።

«ዘይቱ ይረዳታል» አለ መካኒኩ እጁን እየጠረገ። «ያለቀውን ግን አይመልስላትም። ውስጧ ማርሹን የሚይዙት ፍሪሲዮኖች ተፋጭተዋል። ጠይቄ ልረዳ፦ ቁልቁለት ላይ ማነው በፎሌ የሚለቃት?»

ፎሌ ማለት ማርሹ ከምንም ጋር ሳይያያዝ መኪናው ዝም ብሎ የሚንሸራተትበት ነው። የድሮ ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ እንደዚያ ያደርጉ ነበር።

«በማኑዋል ግድ የለም» አለ መካኒኩ። «በዚች ግን ጎማው እየሮጠ ሞተሩ ይተኛል፣ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ይደክማል። ከዚያ በሩጫ ላይ እንዳለች መልሰው መንጃው ማርሽ ዲ ውስጥ ሲከቷት ውስጧ ይፋጫል። አንድ ቀን ምንም አይደለም። ልማድ ሲሆን ነው።» ከዚያ ሳቅ አለ። «በእኛ ቋንቋ ፎሌ ጎረምሳ ነው፣ በበዓል ከአባ ገዳዎች ፊት እየዘለለ የሚዘፍነው። መኪናም በፎሌ ስትወርድ እንደዚያው ናት። ሽማግሌ አትሰማም!»

ልጄ ግን አልሳቀም። ወደ ሹፌሩ ዞረ።

«ለዚህ ነዋ! ነዳጅ ቀጂ እኔ፣ በፎሌ እያንሸራተተ አትራፊ እሱ። የተረፈውን የት ነው የምትሸጠው? እዚያው ሰበታ ነው ወይስ ተጂ ይዘህ ትሄዳለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ነዳጅ ሸጬ አላውቅም።»

«ቁልፉን አምጣ። ዛሬ የመጨረሻህ ነው። ለአጎትህም እነግረዋለሁ።»

ሰው ሲባረር አይቻለሁ። ይህ ግን መባረር ብቻ አይደለም። ሰበታ ውስጥ ሰርቪስ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ «ነዳጅ ሌባ» ያለውን ሌላው መሪ አያስይዘውም። ዋስ የሆነው አጎቱም ተጂ ገበያ ላይ ቀና ብሎ አይሄድም። ሹፌሩ ቁልፉን በመዳፉ ላይ አድርጎ ቆመ። ለልጄ ግን አልሰጠውም።

ባለቤቴ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየነፋ ይጠጣ ነበር። «የዛሬ ሹፌር!» አለ። «እኛ በተሳቢ፣ ነዳጅ በጠፋበት ዘመን እናደርገው ነበር። አውቶማቲክን በፎሌ ማውረድ ምን ይባላል? ሞኝነት ነው።» ከልቡ ነው የሚናገረው። ውሸት ሲናገር ጢሙን ይነካል፤ ጢሙን አልነካም።

እኔ ደግሞ መንገዱን ማሰብ ጀመርኩ። ሹፌሩ የሚመላለሰው ከሰበታ በዓለም ገና ወደ ከተማ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ከአየር ጤናዋ አጭር ዳገት በቀር እዚህ ግባ የሚባል ቁልቁለት የለም፤ ቢኖርስ በመኪና ተጨናንቆ ማን ይንሸራተታል? ቆመን እንደርሳለን እኮ። ታዲያ ይህቺ መኪና ረጅም ቁልቁለት የምታየው የት ነው? ደግሞ እንቅልፌ ትዝ አለኝ። ከሱሉልታ ስንመለስ ተራራው ላይ ለምን ሁልጊዜ እንደማሸልብ አስቤው አላውቅም ነበር። እዚያ ቦታ ላይ መኪናዋ ዝም ትላለች። የሞተሩ ድምፅ ይጠፋና ነፋሱ ብቻ ይቀራል። ዝም ስትል ነው የምተኛው።

ባለቤቴን አየሁት። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን በአውራ ጣቱ ያብሳል። ወጣት ሳለን ከጉዞ ተመልሶ ሲያወራኝ የሚወዳት አባባል ነበረችው፦ «ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው።» ወይኔ፣ አልኩ በሆዴ። ምናለ ቤቴ በቀረሁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ቀላሉ እሱ ነው። ልጄ ሌላ ሹፌር ይቀጥራል፣ ባለቤቴ በኩራቱ ይኖራል፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እተኛለሁ። ግን ያ ሰው ቁልፉን በመዳፉ ላይ እንዳደረገ ቆሟል።

«ቀኑ አላለቀም» አልኩት ልጄን። «ዛሬ የመጨረሻው ከሆነ ዛሬን ያሟላ። ሱሉልታ እንሄዳለን። ሲኬድ እሱ ይንዳ፣ ሲመለስ አባትህ። አንተም ስልክህን ትተህ ተቀመጥ።»

«እማዬ፣ ምን ሊፈጠር ነው?»

«ምንም። አንድ ሰው ሌባ ሲባል ቢያንስ ሲሠራ ይታያል።»

ልጄ ተነፈሰ። እንዲህ ስሆን ከእኔ ጋር መከራከር ከመጓዝ እንደሚያደክም ያውቃል። ገባ።

አዲሱ ዘይት መኪናዋ ላይ ለጊዜው ነፍስ ዘራባት። አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አመነታች። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ እጁን አያለሁ። አናቱ ላይ ደርሰን ወደ ሱሉልታ መውረድ ስንጀምር እጁ መሪው ላይ ቀረ። ሞተሩ እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ወረድን። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሹፌሩ ለምን እጁን እንደማይ ገብቶታል መሰለኝ፣ ላብ በግንባሩ ወረደ።

«አኮ፣ እንዲህ ሲያዩኝ መንዳት ይጠፋኛል» አለኝ በቀስታ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

የባለቤቴ እህት ጋ ብዙ አልቆየንም። ከአልጋዋ ቀና ብላ ወንድሟን «ዛሬ በሠራዊት መጣህ?» ብላ ቀለደችበት። ከወገቧ ደገፍኳት፣ ውሃ አጠጣኋት። ደክማለች። እኔም ደክሞኛል። እሷ ጎን ሄጄ ብተኛ ብዬ ተመኘሁ።

ስንመለስ ባለቤቴ መሪውን ያዘ። ደስ ብሎታል። «አሁን ቁልቁለት ላይ የጨዋ አነዳድ ላሳያችሁ» አለ። እኔ ጎኑ፣ ልጄና ሹፌሩ ከኋላ። ሱሉልታን ለቅቀን ተራራው ላይ ወጣን፣ ባሕር ዛፎቹ በሁለት በኩል ናቸው፣ ከታች ከተማው በጭስ ተሸፍኖ ይታያል። መንገዱ አዘቀዘቀ።

ባለቤቴ ስለ አንድ የድሮ ጓደኛው እያወራ ነበር። ወሬውን አላቋረጠም። ዓይኑም ከመንገዱ አልተነሳም። ቀኝ እጁ ግን ከመሪው ወረደ፣ የማርሹን ዘንግ አገኘ፣ አንድ ቦታ ወደፊት ገፋ አደረገውና ወደ መሪው ተመለሰ። ልጅ የጫማ ክሩን ሳያይ እንደሚያስር።

መኪናዋ ዝም አለች። ነፋሱ መጣ። የተለመደው እንቅልፌ በዓይኔ ቆብ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ፣ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ እየሆነም ሊወስደኝ ነበር። ከኋላ ልጄ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ድምፁ መጥፋቱን ሰምቷል።

ባለቤቴ ስለ ጓደኛው ያወራል፣ ይስቃል።

«እጅህን እይ» አልኩት።

«የቱን?»

«ቀኙን። ዘንጉን የት እንዳደረገው እይ።»

አየ። ወሬው አፉ ላይ ቀረ። ኤን ላይ፣ ፎሌው ላይ ነው። እጁ ሊመልሰው ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ ከኋላ «አባባ፣ ቆይ! አሁን አይመልሱት! መጀመሪያ በፍሬን ቀስ ይበሉ» አለ። ባለቤቴ ታዘዘው። መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ከመንገዱ ዳር ገለል ብላ ቆመች። የጭነት መኪና አጠገባችን ሲያልፍ ወዘወዘን።

ባለቤቴ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል፤ እንግዳ ቤቱ የገባ ይመስል።

«እኔ አላደረግኩትም» አለ። ጢሙን አልነካም።

«እጅህ ነው ያደረገው» አልኩት።

ያን ጊዜ ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገና «አኮ፣ እውነት ለመናገር እኔም አንዳንዴ...» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌውን ሊያድን ነው። አልፈቀድኩለትም።

«ዝም በል! ያላደረግከውን አትውሰድ። አንዴ ከወሰድከው ማንም ከላይህ አያወርድልህም።»

ወደ ልጄ ዞርኩ።

«አንተስ?» አልኩት ልጄን። «ሌባ ያልከው ሰው ጎንህ ተቀምጧል።»

«እሺ፣ ይቅርታ።»

«ለእኔ ነው እንዴ የምትለኝ?»

ልጄ ፊቱ ቀላ። ትልቅ ሰው ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰው ያዛል። ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ። ለአጎትህም ምንም አልነግረውም» አለው።

«ችግር የለም ጋሼ።»

«ችግር አለ እንጂ» አልኩኝ። «ጋራዡ ውስጥ በኦቦው ፊት ነው ሌባ የተባለው። በኦቦው ፊት ይነሳለታል።»

«እማዬ፣ አሁን ቡራዩ ልንመለስ ነው?»

«መንገዳችን ላይ ነው። አስኮን አልፈን ትንሽ ነው።»

ትንሽ አልነበረም፤ ወደ ሰበታ ለመሄድ ቡራዩ ጎራ ማለት ዙሪያ ጥምጥም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቴ ከመኪናው ወረደ፣ ዞሮ መጥቶ የኋላውን በር ከፈተ፣ ለሹፌሩ ቁልፉን ዘረጋለት። ሹፌሩ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔም ከባለቤቴ ጋር ከኋላ ገባሁ።

ኦቦው ጋራዡን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ልጄ ወርዶ ስለ ሹፌሩ መሳሳቱን አጠር አድርጎ ነገረው። መካኒኩ ወደ ባለቤቴ አላየም፣ ስለዚያ አመሰግነዋለሁ። «ድሮ የተማረ እጅ ነው» ብቻ አለ። «ዘይቱን በሌላ ሳምንት መልሳችሁ አሳዩኝ።»

አየር ጤና አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። መሸ። እግሬ አብጧል። ከጎኔ ባለቤቴ በመስኮት እያየ ነበር። ድንገት «ተሳቢው ግን ምንም አይሆንም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ እንደወትሮው መጥቶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ሠራተኞቹን ጠበቀ። ልጄ ግን አሁን አባቱ ላይ ዞሮ ነበር። «ከእንግዲህ ቅዳሜም ሹፌሩ ይውሰዳችሁ፣ አባዬ አይንዳ» አለኝ። እንደገና ተጣላን። ሹፌሩም ቅዳሜው የራሱ ነው፣ ልጅ አለው። ለባለቤቴም እህቱ ጋ ራሱን ችሎ የሚሄድባት ያቺ አንዲት ቀን ናት የቀረችለት። በፈጸመው ይጠየቅ እንጂ በዕድሜው አይቀጣ፣ አልኩ። እኔ እጠብቀዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ቃሌን እየጠበቅኩ ነው። መካኒኩ መለኪያዋን ሲመዝዝ ዘይቱ አሁንም ቀይ ነው፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ማመንታቷን ግን አልተወችም፣ ያለቀው አልቋል። ቅዳሜ ከሱሉልታ ስንመለስ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግራ እጄን የማርሹ ዘንግ ላይ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ያወራል፣ መንገዱ ያዘቀዝቃል፣ እጁ ከመሪው ይወርዳል። ዘንጉን ፈልጎ እጄን ያገኛል። ለትንሽ ጊዜ እላዩ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይመለሳል። እሱ ወሬውን አያቋርጥም፣ እኔም እጄን አላነሳም። ሞተሩ እስከ ታች ድረስ ያጉረመርማል። እንቅልፍ የሚባል ነገር እዚያ መንገድ ላይ ቀረብኝ።